ብዙ የሄደ ናፍጣ ላንድክሩዘር ሲገዙ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ናፍጣ ስቴሽን ዋገን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ቀድሞ በገቡት ላይ ነው። ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት በእርዳታ ድርጅትና በፕሮጀክት ሥራ ለዓመታት ገጠር ለገጠር የተንከራተቱ ላንድክሩዘሮች ናቸው። ገዥው የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ይቀርባል፤ ሻጩ ደግሞ «ሞተሩ አልተነካም» ይላል።

በገበያችን በብዛት የሚታየው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው ነው። በሚገባ ከተያዘ 300 ሺሕ ኪሎ ሜትር አልፎም ይሠራል። ስለዚህ ብዙ መሄዱ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው የሄደው የማይታወቀው ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይቀየራልም። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ መኪና በዓመት 15 ሺሕ ብቻ ቢሄድ እንኳ 375 ሺሕ ይሆናል። ቆጣሪው 140 ሺሕ የሚል ከሆነ የጋራዥ ደረሰኝ ይጠይቁ። በተለይ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ይወቁ። በየ100 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል።

መኪናውን ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የቴስታታ ወይም የኢንጄክተር ችግር ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ላይ ግን አይቸኩሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ባለው በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ማጨሱ አይቀርም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። የአራት ጎማውን ኃይል አፈር መንገድ ላይ አስገብተው ይሞክሩት፤ ከሥር ገብቶም ሻንሲው የተበየደ ወይም የዛገ መሆኑን የሚያይ የራስዎ መካኒክ ይኑርዎት።

ከመኪናው እኩል ወረቀቱም ይመርመር። የሊብሬው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዕዳና እገዳ መኖሩን ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ሳያዩ አይፈራረሙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት የግድ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። የሚሸጥልዎት ወኪል ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን ያጣሩ።

ብዙ ገዥዎች የሚጎዱት በመጨረሻው ወረቀት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ገዥው የሚያውቀው፣ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያየው ይገባ የነበረ ጉድለት በዋስትናው አይሸፈንም። የተለመደው የውል ቅጽ ደግሞ «አይቼ፣ መርምሬ፣ ወድጄ ተረክቤያለሁ» ይላል። ይህች ዐረፍተ ነገር ነገ ፍርድ ቤት የምትቀርብብዎ ማስረጃ ናት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሻጩ በቃል የነገረዎትን ውሉ ውስጥ ያስገቡ፦ በቆጣሪው የሚነበበው ኪሎ ሜትር ትክክለኛ መሆኑን፣ ሞተሩ ወርዶ አለማወቁን፣ መኪናው ተገልብጦ ወይም ተጋጭቶ አለማወቁን። ሻጭ የለም ብሎ በግልጽ ላረጋገጠው ጉድለት «ገዥው ማየት ነበረበት» ብሎ ማምለጥ ይከብደዋል። ከተረከቡም በኋላ ጉድለት ካገኙ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ካለፈ፣ ሻጩ ካላታለለዎት በስተቀር፣ መብትዎ ይቀራል።

«አልተነካም» ያለውን በፊርማው እንዲያጸናው ሲጠየቅ የሚያመነታ ሻጭ፣ ከመካኒክዎ ቀድሞ ስለ ሞተሩ ነግሮዎታል።