ከሠርግ ወደ ቤተሰብ፤ ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሙያ መዘዋወር አጭር ጥናት

በቅርብ ዓመታት የሠርግ ሥራቸውን ቀንሰው የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወደ ማንሣት የሚያዘነብሉ ባለ ካሜራዎች በአዲስ አበባም በውጭ አገር ከተሞችም ይታያሉ። ነገሩን የሚመለከቱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አዲስ ፋሽን ነው ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ጉዳዩን ከሙያው ታሪክ ጋር ስናስተያየው አዲስ ሆኖ አላገኘነውም። ፎቶግራፍ አንሺ ከሁሉ አስቀድሞ እንጀራውን የበላው ከቤተሰብ ላይ ነበር፤ ሠርግ ዋና ገበያው የሆነው እጅግ ዘግይቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሙያው ከቤተሰብ ወደ ሠርግ፣ ከሠርግም መልሶ ወደ ቤተሰብ የዞረበትን ምክንያት እንመረምራለን። ጉዳዩ የታሪክ ተማሪን የሚያሳስበው፣ የፎቶግራፍ አንሺው ገቢ የሚገኝበት ስፍራ በተለወጠ ቁጥር ለኋለኛው ትውልድ የሚተርፈው ማስረጃም አብሮ ስለሚለወጥ ነው። ዓ.ም. ያላልንባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በፓሪስ ከተማ ጥሩ የሆነ ትልቅ ምስል በወረቀት ለማስነሣት ከ50 እስከ 100 ፍራንክ ይጠየቅ ስለ ነበር፣ ይህን መክፈል የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነበር። ነገሩን የለወጠው አንድሬ አዶልፍ ዩጄን ዲስዴሪ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው በ1854 ካርት ደ ቪዚት (የጉብኝት ካርድ ማለት ነው) ለተባለው አነስተኛ ፎቶግራፍ የፈጠራ መብት አወጣ። ዘዴው ቀላል ነበር። ቀድሞ አንድ ምስል ብቻ ይነሣበት በነበረው የመስተዋት ሰሌዳ ላይ፣ ብዙ መነጽር ባለው ካሜራ ስምንት ትንንሽ ምስሎች ይነሡበታል፤ ሰሌዳው ባንድ ጊዜ በወረቀት ይታተማል፤ ከዚያም በመቀስ ተቆርጦ የእጅ መዳፍ በሚያህል ካርቶን ላይ ይለጠፋል። ጉልበቱም ጊዜውም ለስምንት ስለ ተከፈለ ዲስዴሪ 12 ካርዶችን በ20 ፍራንክ ለመሸጥ ቻለ።

ናፖሊዮን 3ኛ በ1859 ወደ ኢጣልያ ጦርነት ሲዘምት ሠራዊቱን በመንገድ ላይ አቁሞ ከዲስዴሪ ቤት ገብቶ ተነሣ፣ ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ ሁሉ ተከተለው የሚል ወሬ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ወሬው ለጆሮ ያምራል እንጂ የዘመናችን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ተረት ይቆጥሩታል። ሕዝቡን የሳበው ንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን 20 ፍራንክ ነው ብንል ከእውነቱ የምንርቅ አይመስለንም።

ከዋጋው ይልቅ ቁጥሩን ማስተዋል ይገባል። አንድ ሰው አሥራ ሁለት ተመሳሳይ ካርዶች ሲኖሩት አንዱን ለራሱ ያስቀምጣል፣ የቀሩትን ለእናቱ፣ ለወንድሞቹ፣ ለአክስቱ ይሰጣል፤ እነርሱም በምላሹ የየራሳቸውን ይሰጡታል። የተሰበሰበው ካርድ ማስቀመጫ ያስፈልገዋልና አልበም ተሠራ። በለንደን በ1860 ጆን ሜያል የንግሥት ቪክቶሪያን፣ የባልዋን የልዑል አልበርትንና የልጆቻቸውን ካርዶች በአንድነት አውጥቶ በሸጠ ጊዜ፣ ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ እንደ ተቀመጠች ገዢ ሳይሆን እንደ አንዲት የቤት እመቤት ታየች። ተራው ሰውም የንጉሡን ቤተሰብ ምስል ገዝቶ ከራሱ ቤተሰብ ምስል ጋር ባንድ አልበም ውስጥ አኖረው። አልበርት በታኅሣሥ 1861 ሲሞት በአንድ ሳምንት ውስጥ 70,000 ያህል ካርዶቹ እንደ ተሸጡ ይነገራል።

በዚያ ዘመን የቤተሰብ ፎቶግራፍ መነሣት ድካም ነበር። ሰሌዳው በመድኃኒት ርሶ ሳይደርቅ መነሣት ስላለበት፣ ብርሃኑም ከጣሪያ መስተዋት የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ብቻ ስለ ነበረ፣ ተነሺው ብዙ ሰኮንድ ሳይነቃነቅ መቆየት ግዴታው ነው። ለዚሁም ከጀርባው አንገቱን ደግፎ የሚይዝ ብረት ይቆምለት ነበር። ሕፃን ግን በብረት አይያዝም። ስለዚህ እናቲቱ ከራስ እስከ እግርዋ በጨርቅ ተሸፍና እንደ ወንበር ሆና ልጅዋን በጉልበትዋ ትይዛለች፤ ከታተመ በኋላ የሚታየው ሕፃኑና ጨርቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ ካርዶች ዛሬም በሙዚየሞች ይገኛሉ። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ቤተሰቡን እንዳለ ያሳያል የሚል ሰው ካለ እነዚህን ቢመለከት መልካም ነው።

የዚህ የእንግሊዝ የፎቶግራፍ ዘመን ለአገራችን ታሪክም የተወው ምልክት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ እቴጌ ጥሩ ወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም በሻምበል ስፒዲ ጠባቂነት ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። ከነዚህ ምስሎች በአንዳንዶቹ ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ከሕፃኑ ጋር ይታያል። የምስሉ አቀማመጥ አባትና ልጅ ሲነሡ የሚቀመጡት አቀማመጥ ነው፤ አባትም እናትም ግን የሉም። ዓለማየሁ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ስለ ሕፃንነቱ የቀረልን ዋና ማስረጃ በባዕድ አገር እንደ ቤተሰብ ሆኖ የተነሣው ይህ ምስል መሆኑ፣ ፎቶግራፍ ማን እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ጎደለም የሚመሰክር መሆኑን ያሳያል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሠርግ የት ነበር? በሠርግ ቀን ሠርጉ ከሚደረግበት ቦታ ሄዶ ማንሣት በቴክኒኩ ምክንያት የማይቻል ያህል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጨለማ ነው፤ ካሜራው ከባድ ነው፤ ሰው ደግሞ በሠርግ ቀን አይቆምም። በጥር 1858 የንግሥት ቪክቶሪያ የበኵር ልጅ ስታገባ ሙሽራዪቱ ከአባትና ከእናትዋ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድዋ በፊት በዳጌር ዘዴ ተነሥተው ነበር። ንግሥቲቱ በእናትነት ስሜት ስለ ተንቀጠቀጠች የርስዋ መልክ ደብዝዞ ወጣ፤ ይህንንም ራስዋ ጽፋዋለች። ተራው ሰው ሲያገባ ከሠርጉ በኋላ ወይም በሌላ ቀን የክት ልብሱን ለብሶ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ሄዶ ይነሣ ነበር እንጂ ሠርጉ ራሱ አይነሣም ነበር።

ቤተሰብን ከፎቶግራፍ ቤት ያስወጣው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። በ1888 የወጣው የኮዳክ ካሜራ 25 ዶላር ያወጣ ነበር፤ 100 ምስል የሚያነሣ ጥቅል ፊልም ገብቶበት ይሸጣል፤ ሲያልቅም ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካ ተልኮ ፊልሙ ታጥቦ ይመለሳል። በ1900 ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ሲወጣ ነገሩ አለቀ። አባት ልጆቹን በገዛ ደጁ ሊያነሣ ከቻለ ለምን ይከፍላል? ባለሙያው እንግዲህ አባት ሊያነሣው የማይችለውን ነገር መፈለግ ነበረበት። የማግኒዚየም ዱቄት ብልጭታ ከ1887 ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን ጢሱና አደጋው ለአዳራሽ አይመችም። ከ1929 ጀምሮ የመጣው የብልጭታ አምፑል ግን በቤት ውስጥ ያለ ጢስ ለማንሣት አስቻለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ወጣቶች ባንድ ጊዜ ከጦር ሜዳ ተመልሰው ሲያገቡ፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ሠርግ የፎቶግራፍ አንሺ ዋና ገበያ ሆነ።

በአገራችን መንገዱ ጥቂት ይለያል። በአዲስ አበባ ሙያው ያደገው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። ቤድሮስ ቦያጅያን የተባሉ አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ከርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ በየተራ ሥራውን ይዘዋል። ከመኳንንቱ ወደ ከተማው ሰው ሲወርድ ሥራው በጉርድ ፎቶግራፍ፣ መጋረጃ ሥዕል ፊት በሚደረግ መነሣትና በሠርግ ላይ ቆመ። የግል ካሜራ ለብዙ ቤተሰብ ውድ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ኮዳክ በአሜሪካ ያደረገውን ነገር በኛ ዘንድ ያደረገው በዘመናችን የመጣው የእጅ ስልክ ነው ለማለት እንደፍራለን።

የሠርግን ሥራ በኛ አገር አስቸጋሪ የሚያደርገው ደግሞ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት በጾም ወራት አይዳርም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ይዘልቃል፤ በነሐሴ ፍልሰታ አለ፤ ክረምቱ በጠቅላላው ጭቃና ዝናብ ነው። ስለዚህ ሠርግ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ ቀጥሎ ባሉት ሳምንቶች ይታጨቃል። በነዚህ ቅዳሜና እሑዶች ፎቶግራፍ አንሺው ከሙሽራዋ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሙሽሮች ወደሚነሡበት መናፈሻ (ብሔረ ጽጌና የግዮን ሆቴል አትክልት ቦታ በዚህ የታወቁ ናቸው)፣ ከዚያ ወደ አዳራሽ ይሮጣል፤ በማግሥቱ መልስ አለ፣ ቀጥሎም ቅልቅል። ደንበኛ በሚበዛበት ወር አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም፤ በጾሙ ወራት ደግሞ የቤት ኪራዩ ይጠብቀዋል። ወረቀትና ቀለም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ዕቃዎች መሆናቸውን ስንጨምርበት ችግሩ ግልጥ ይሆናል።

ይህ ድካም በ2012 ዓ.ም. በጉልህ ታየ። በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን ነው፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን። ይኸውም ዐዋጁ የወጣው የዓመቱ ትልቅ የሠርግ ወቅት ሊገባ 11 ቀን ሲቀረው ነው። ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ድግስ ቀረ። በሌላው ዓለምም ያው ሆነ፤ በአሜሪካ በ2020 ጸደይ በብዙ ከተሞች ፎቶግራፍ አንሺዎች ከመንገድ ላይ ሆነው ቤተሰቦችን በየደጃፋቸው ማንሣት ጀመሩ። ሠርግ ተሰብሳቢ ይፈልጋል፤ ቤተሰብ ግን ተሰብስቦ ቤቱ ተቀምጧል።

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ሠርግ ተመልሷል፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን አልቀረም። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይታየናል። አንደኛው ተራ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ሙሽራ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፣ ቤተሰብ ግን በእንቁጣጣሽ፣ በልጅ ክርስትና፣ በምረቃ ይመላለሳል። ሁለተኛው ግን የበለጠ ክብደት ያለው ነው። በስልክ ያነሣ ሰው እርሱ ራሱ በምስሉ ውስጥ የለም። በአንድ ቤት ሺሕ ምስሎች ተከማችተው አባት፣ እናትና ልጆች ሁሉ ባንድ ላይ ያሉበት ምስል አንድም ላይገኝ ይችላል። ከውጭ አገር ለጥቂት ሳምንት የመጣ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ጉድለት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ እንግዲህ ሁሉን ባንድ ላይ ለማንሣት የቤቱ ሰው ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል። ዲስዴሪም የሸጠው ይህንኑ ነበር።

ስለ ማስረጃው ግን ደስታችን ሙሉ አይደለም። የሠርግ አልበም ባለቤቶቹ ሳያስቡት ሰፈሩን ሁሉ ይመዘግባል። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የዕድር ሰዎች፣ ወጥ ሠሪዎቹ፣ ድንኳኑ፣ የተከራዩት መኪና፣ ካባው፣ ከኋላ ቆሞ የሚያይ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይገባሉ። የ1950ዎቹን ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኑሮ ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከአንድ የሠርግ አልበም የሚያገኘውን ከብዙ ጽሑፍ አያገኝም። የዛሬው የስቱዲዮ ቤተሰብ ግን አንድ ዓይነት ቀለም ለብሶ በነጭ ግድግዳ ፊት ይቆማል። ጎረቤት የለም፤ ዘመኑን የሚያሳይ ዕቃ የለም። በሌላ በኩል ሠርግ ያልደገሱ፣ በፍርድ ቤት የተለያዩ፣ ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች በሠርግ አልበም ዘመን ያለ ማስረጃ ይቀሩ ነበር፤ አሁን ግን ይገባሉ። በየዓመቱ የሚነሣ ቤተሰብም ልጅ ሲያድግ፣ አያት ሲያረጅ በተከታታይ ያሳያል። ሁለቱን ስንመዝን፣ ስለ ኅብረተ ሰብ ለሚያጠና ሰው የሠርጉ አልበም ሰፊ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ሠርጉን ሲተው የሚጠፋው የጎረቤቱና የእንግዳው ምስል በስቱዲዮ አይተካም ብለን እናምናለን።

አንድ ተግባራዊ ነገር ጨምረን እንጨርሳለን። የዲስዴሪ ዘመን ካርዶች በጀርባቸው የፎቶግራፍ ቤቱ ስምና አድራሻ ታትሞባቸው ስለ ነበር ዛሬ ዘመናቸውን ለማወቅ ይረዳሉ። በኛ ቤቶች ያሉት ግን አብዛኛዎቹ በጀርባቸው ባዶ ናቸው፤ የሚታየውን ሰው የሚያውቁት አንዲት አያት ብቻ ናቸው። ለዕረፍት ወደየቤታቸው የሚሄዱ ተማሪዎች ከአልበሞቹ ጋር ተቀምጠው፣ የተነሡት እነማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ፎቶግራፍ ቤት እንደ ተነሡ፣ በዚያን ቀን ሊገኝ ሲገባው ያልተገኘ ሰው ማን እንደ ነበረ፣ በምን ምክንያትም እንደ ቀረ ጠይቀው በእርሳስ ቢጽፉበት መልካም ነው። ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ለፊቱ ስለሚያልፍ በብዕር አይጻፍ።