የቀዶ ሕክምና ፓቶሎጂ

የቀዶ ሕክምና ፓቶሎጂ ከሕመምተኛ አካል የተወሰደን ዕጢ ወይም የታመመ ሥጋ በማይክሮስኮፕ መርምሮ የበሽታውን ምንነት የሚለይ የሕክምና ዘርፍ ነው። ናሙናው የመጠኑን 10 እጥፍ በሚያህል ፎርማሊን፣ ማለትም መበስበስን በሚገታ ፈሳሽ፣ ተነክሮ ከቆየ በኋላ ውኃው ወጥቶ በፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያም ማይክሮቶም በተባለ መቁረጫ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን በሚደርስ ስስነት ተልጦ ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን በተባሉ ማቅለሚያዎች ሲቀለም፣ የሕዋሱ አስኳል ሰማያዊ፣ ዙሪያው ሮዝ ሆኖ ይታያል። አስኳላቸው ያበጠና የጠቆረ፣ ወሰናቸውንም ጥሰው ወደ አጎራባች ሥጋ የዘለቁ ሕዋሳት የካንሰር ምልክት ናቸው። ምርመራው ከሚደረግበት ቦታ ርቆ ለሚወሰድ፣ ለምሳሌ ከሆመቾ ከተማ ተነሥቶ በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚላክ ናሙና ከመንገዱ ርዝመት ይበልጥ ወሳኙ፣ ሥጋው ከአካል እንደወጣ ሳይውል ሳያድር በበቂ ፎርማሊን መነከሩ ነው፤ አንዴ የበሰበሰን ሕዋስ የትኛውም ማይክሮስኮፕ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመልሰውምና።