የማሳመን ክህሎት በራያ ቆቦ የሥራ መሪዎች ዘንድ

የማሳመን ክህሎት የሥራ መሪ ሰውን በትእዛዝ ሳያስገድድ፣ በመናገርና በማዳመጥ በፈቃዱ ለሥራ የሚያነሣበት ችሎታ ነው። በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ሰው ይህን ችሎታ የሚያውቀው ከመሥሪያ ቤት በፊት ከሽምግልና ነው። ፊቱ ቆሞ የሚናገረውን ኃላፊም በዚያው ይመዝነዋል።

በራያ ቆቦ የደም ጠብ የሚያበርደው የሽማግሌዎች ሸንጎ ዘወልድ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ፖሊስም ወኅኒ ቤትም የላቸውም፤ ያላቸው አንደበትና መከበር ነው። የወንጀሉን ክስ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ የሟች ወገን በቀሉን እንዲተው መለመን ግን የሽማግሌ ድርሻ ነው። የካሳ ነገር የሚነሣው ተበዳዩ ብሶቱን ተናግሮ ከወጣለት በኋላ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ሰው የሚያምነው በተናጋሪው ማንነት፣ በአድማጩ ስሜትና በማስረጃው መሆኑን ጽፏል፤ በሽምግልና ከሦስቱ የሚቀድመው የተናጋሪው ማንነት ነው።

በመንግሥት ሥራ ክህሎቱ ክፉኛ የሚፈተነው በማሽላ ዘር ላይ ነው። የቆቦ ገበሬ እንደ ደጋሊት ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የሚዘራው የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ሲቀናው ነው። ዝናቡ ከቀረ የግብርና ባለሙያው ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይዞ ይመጣል። ጎብዬና አብሽር የተባሉት የአቀንጭራን አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለዚህ ዓይነት መሬት የወጡ ናቸው፤ መነሻቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ምርምር ነው። ሆኖም ባለሙያው በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ሲቆጥር፣ ገበሬው እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ የአገዳውን ቁመት ያሳየዋል። አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥርና ጣሪያ ነው። ፈጥኖ የሚደርሰው አጭር ማሽላ አገዳው ያንሳል፤ ቀድሞ ስለሚያሸትም ወፍ ይረባረብበታል። ይህ ስጋት እውነተኛ ስለሆነ «ግንዛቤ ማነስ» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። የሚሳካለት ባለሙያ የአገዳውን ጉዳይ ገበሬው ሳይጠይቀው ራሱ ያነሣል፤ ከማሳው ከፊሉን ብቻ በአዲሱ ዘር እንዲሞክር ይጠይቃል፤ በመስክ ቀንም ንግግሩን ለዘራው ጎረቤት ይለቅለታል። ገበሬ ለገበሬ ሲናገር የጉድለቱ ወሬም አብሮ ይነገራል፤ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

ውሃ ሌላው መፈተኛ ነው። የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ጎርፍ በሜዳው ላይ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠለፋ ወደ ማሳ ይመለሳል። ጠለፋው ሲጠረግ የታችኛው ገበሬ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጎርፉ ሲደርስ ግን ቀድሞ የሚያጠጣው የላይኛው ነው። ተራ የሚያስጠብቀው የውሃ አባት የራሱን ማሳ አስቀድሞ ካጠጣ በሚቀጥለው የጠረጋ ዘመቻ አካፋ ይዞ የሚወጣለት ያጣል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ የሚለማው መሬት ላይ ያሉ የተጠቃሚ ማኅበራት መሪዎችም የሞተር ወጪ ሲሰበስቡ ይኸው ፈተና ይገጥማቸዋል፤ ደረሰኙን አባላቱ ፊት አንድ በአንድ ማንበብ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይረዳል።

ክህሎቱ በልምምድ ይሻሻላል። ጀማሪ ኃላፊ ሪፖርቱን ከማንበብ ይልቅ ዋናውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገርን፣ «ከላይ የወረደ አቅጣጫ ነው» የሚለውን ትቶ ምክንያቱን ማስረዳትን ይለማመዳል። በስብሰባ ላይ ዝምታ እንደ ስምምነት መቆጠር የለበትም፤ በትልልቅ ሰዎች ፊት መቃወም ነውር ሆኖ የሚታይባቸው ወጣትና ሴት ሐሳባቸውን የሚገልጡት ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ሲጠየቁ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ መሪ ከስብሰባው በፊት በየቤቱ ይዞራል፤ ከስብሰባውም በኋላ ሰዉ ተነሥቶ እስኪበተን ከተሰበሰቡበት ዛፍ ጥላ ሥር ይቆያል።