ኢጎር ኔቶ፦ ጎሉን የመለሰው አምበል

የድሮው የሶቪየት ኳስ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠራው በረኛውን ያሺንን ነው። የዚያ ቡድን አምበል ግን አማካዩ ኢጎር ኔቶ ነበር።

ኔቶ በ1930 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ተወለደ። ከ1949 እስከ 1966 ለስፓርታክ ሞስኮ ብቻ ተጫውቶ አምስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ በላ። በ1956 የሶቪየት ቡድን ለኦሎምፒክ ማጣሪያ እዚሁ ራማት ጋን መጥቶ እስራኤልን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ሜልቦርን ላይ ወርቁን ወሰደ። በ1960 ደግሞ ፓሪስ ላይ ዩጎዝላቪያን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ረትቶ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ።

እኛን ይበልጥ የገረመን በ1962ቱ የቺሊ የዓለም ዋንጫ ያደረገው ነው። ከኡራጓይ ጋር 1 ለ 1 እያሉ ቺስሌንኮ የመታት ኳስ በጎን በኩል በመረቡ ቀዳዳ ገባች። ዳኛው ጎል ብሎ አጸደቀ። ኔቶ ግን ሄዶ ጎል እንዳልሆነ ነገረው፤ ተሻረ። ያኔ ቪዲዮ የለ፣ የሚያጋልጠው የለ! ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኢቫኖቭ አግብቶ 2 ለ 1 አሸነፉ።

ኋላም አሰልጣኝ ሆኖ የቆጵሮሱን ኦሞንያን፣ የኢራንን ብሔራዊ ቡድንና የባኩውን ኔፍትቺን ይዟል። በ1999 አረፈ።

እኛ ሰፈር ስንጫወት ዳኛ ያላየውን ጥፋት እንደ ብልጠት እንቆጥረዋለን። ወላጆቻችን ግን "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላሉ። ኔቶ ብዙ ዋንጫ አንስቷል፤ ስሙ ዛሬም የሚነሳው ግን በመለሰው ጎል ነው።