በአንዲት ወንበር 34 ዓመት

ምርጫ በመጣ ቁጥር በየቤቱ የማይጠፋ ክርክር አለ። «እኛ ጥቂት ነን፤ ለትንሽ ፓርቲ ድምፅ ብንሰጥ ምን ዋጋ አለው? አሁዝ ሐሲማው ይበላዋል» እንባባላለን። እውነትም በ2006 አቶ አብርሃም ንጉሤ የመሩት «አቲድ ኤሐድ» ያንን መጠን ሳይሞላ ክኔሴት ሳይገባ ቀርቷል። ዛሬ ግን በሌላ አገር ያለ የአንድ ትንሽ ፓርቲ ታሪክ እናውጋችሁ።

ቦታው ከዴንማርክ የሚዋሰነው የሰሜን ጀርመን ምድር፣ ሽሌስቪግ ነው። በ1864 ዴንማርክ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተሸንፋ አገሩን አጣች። በ1920 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ሰሜኑ ወደ ዴንማርክ ተመለሰ፣ ደቡቡ ጀርመን ውስጥ ቀረ። እዚያ የቀሩት ዴንማርካውያን ቋንቋቸውንና ትምህርት ቤታቸውን ይዘው ኖሩ። በ1948 ከጎረቤቶቻቸው ከፍሪዚያውያን ጋር ሆነው «የደቡብ ሽሌስቪግ መራጮች ማኅበር» የሚባል ፓርቲ አቋቋሙ።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። በ1954 በክፍለ አገሩ ምርጫ ከ42 ሺህ በላይ ሰው መረጣቸው፤ ግን 5 በመቶ ስላልሞላ አንድም ወንበር አላገኙም። ያ ሁሉ ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ምዕራብ ጀርመን ኔቶ ልትገባ ነበር። ዴንማርክ ቀድማ አባል ስለሆነች የወገኖቿን ጉዳይ አነሣች። በመጋቢት 1955 ሁለቱ መንግሥታት፣ አንዱ በቦን አንዱ በኮፐንሃገን፣ መግለጫ አወጡ። የዴንማርካውያኑ ፓርቲ ከ5 በመቶው ግዴታ ነፃ ወጣ። ሌላው ቃል ደግሞ ይህ ነበር፦ «ዴንማርካዊ ነኝ» ማለት የሰውየው ነፃ ፈቃድ ነው፤ የመንግሥት ሹም ሊከራከረውም ሊመረምረውም አይችልም። ይሁዲነቱን እንዲያስመሰክር የተጠየቀ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ያውቀዋል።

ነፃ ወጡ ማለት ግን ወንበር በነፃ ታደላቸው ማለት አይደለም። ለአንድ ወንበር የሚበቃ ድምፅ ማምጣት ነበረባቸው። በ1958 ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ፤ ከ1962 እስከ 1996 ድረስ፣ 34 ዓመት ሙሉ፣ የነበራቸው አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች። ከ1971 ጀምሮ እዚያች ወንበር ላይ 25 ዓመት የተቀመጡት ካርል ኦቶ ማየር ነበሩ። በ1987 ምርጫ 74ቱ ወንበሮች 37 ለ37 ሆነው እኩል ሲከፈሉ፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ሁሉ ዓይናቸውን የጣሉት በእኚሁ አንድ ሰው ላይ ነበር!

በ2012 ፓርቲው በክፍለ አገሩ መንግሥት ውስጥ ገባና አንከ ስፖረንዶንክ የፍትሕና የባህል ሚኒስትር ሆኑ። በ2021 ደግሞ ሽቴፋን ዛይድለር ከ55 ሺህ በላይ ድምፅ ይዘው ጀርመን አገር ፓርላማ ገቡ።

እዚህ በእኛ አገር ሕጉ ለማንም ትንሽ ፓርቲ እንዲህ ያለ በር አልከፈተም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ሰዎች በ1954 ድምፃቸው ሲባክን «በቃ፣ አንመርጥም» ብለው ቤታቸው አልተቀመጡም። በሩን የከፈተው ሕጉ ነው፤ በየምርጫው ተሰልፎ በሩ እንዳይዘጋ ያደረገው ግን ሕዝቡ ራሱ ነው።