ዶስት ሙሐመድ፦ ወንዝ ዳር የቀረው ግመለኛ



አውስትራሊያ ውስጥ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ምዕራባዊ ደረቅ ምድር፣ መኒንዲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የተቆረቆረችው ዳርሊንግ ወንዝ ዳር ነው። የአገሩ ነባር ሕዝብ ባርኪንጂዎች ወንዙን ባካ ይሉታል። ነዋሪዋ ጥቂት መቶ ሰው ነው። ዛሬ ከመኪናቸው ኋላ ተጎታች ቤት እያስከተሉ አገር የሚዞሩ ሰዎች አንድ ሁለት ሌሊት አድረውባት ያልፋሉ። ተጎታች ቤቱን “ካራቫን” ይሉታል፤ ሲራራ ማለት ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ በእውነተኛው ሲራራ የመጣ የአንድ ሰው ቀብር አለ። ዶስት ሙሐመድ ይባላል። “ዶስት” በፋርስኛ ወዳጅ ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የሜልበርን ሰዎች አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚያቋርጥ ጉዞ አሰናዱ። መሐሉ በረሃ ነውና ፈረስ እንደማይዘልቀው ገመቱ። ስለዚህ ላንድልስ የተባለ ሰው ህንድ ድረስ ተልኮ 24 ግመሎች አመጣ። ግመል ያለ ግመለኛ አይሆንምና ግመለኞችም አብረው መጡ፤ ዶስት ሙሐመድ አንዱ ነበር። ጉዞው ኦገስት 20 ቀን 1860 ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ እየሸኘው ተነሳ። መሪው ሮበርት በርክ የተባለ የፖሊስ ሹም ነበር። በረሃ አያውቅም።

ጭነቱ 20 ቶን ያህል ነበር። ከኦክ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹና የቻይና ደወል ሳይቀር ተጭኗል። ለግመሎቹ ጤና ተብሎ ደግሞ ብዙ ጋሎን አረቄ! ሱብሓነላህ፣ ለግመል አረቄ! እስከ መኒንዲ ያለውን 750 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሁለት ወር ፈጀባቸው። የፖስታ ሠረገላው ያንኑ መንገድ ከሳምንት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሰው ነበር።

ከግመለኞቹ አንዱ ሳምላ የሚባል ሂንዱ ነበር። የሚታደለው ምግብ የበሬ ሥጋ ስለሆነ በዳቦና በውኃ ብቻ ቀናት ገፍቶ፣ አልቻለምና ገና በመንገዱ መጀመሪያ ተሰናበተ። ሃይማኖቱ ከእኛ ቢለይም ይህ ሰው ሲነበብ ልብ ይነካል። ከዚያ መኒንዲ አካባቢ ሲደርሱ በአረቄው የተነሳ በርክና ላንድልስ ተጣሉ፤ ግመሎቹን ከህንድ ያመጣው ሰው ሥራውን ለቆ ተመለሰ። በርክ ግማሹን ጓዝ እዚያው ትቶ በኦክቶበር ወደ ሰሜን ገሰገሰ። ዶስት ሙሐመድ አብሮት ሄደ።

ከመኒንዲ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኩፐር ክሪክ በተባለ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ዲሴምበር 16 በርክ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ወደ ሰሜኑ ባሕር ሲሄድ አራት ሰዎች እንዲጠብቁት አስቀረ፦ ብራሄ፣ ፓተን፣ ማክዶኖ እና ዶስት ሙሐመድ። ሦስት ወር ጠብቁ ተባሉ። ከመኒንዲ ይከተላል የተባለው ስንቅ አልደረሰም፤ ጫኞቹ ከመኒንዲ የተነቃነቁት ጃንዋሪ 26 ነበር። የሂጅራው 1277 ረመዷን የገባው በዚሁ ጥበቃ መሐል፣ በማርች አጋማሽ ግድም ነው። ሦስቱ ወር አለፈ። አራተኛው ተጨመረ። ፓተን ታሞ መቆም አቃተው። አፕሪል 21 ቀን 1861 ጠዋት ከአንድ ዛፍ ሥር ጥቂት ስንቅ ቀብረው፣ ዛፉ ላይ ምልክት ቀርጸው ተነሱ።

በርክ የዚያኑ ዕለት ምሽት ደረሰ! ልዩነቱ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከቀናት በፊት ግሬይ የተባለው ጓደኛቸው በመንገድ ሞቶ፣ እሱን ለመቅበር አንድ ቀን ውለው ነበር። በርክና ምክትሉ ዊልስ በዚያው በረሃ ሞቱ። ኪንግ የተባለው ብቻውን የተረፈው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ያንድሩዋንዳዎች ስላበሉትና ስላስጠጉት ነው።

“ለምን አልጠበቋቸውም?” ብለው ብዙ ሰዎች ጠባቂዎቹን ወቀሱ። እኔ በበኩሌ ወቀሳው አይዋጥልኝም። የተባሉትን ሦስት ወር ጠብቀው ከአንድ ወር በላይ ጨምረዋል፤ በሽተኛም ይዘዋል። ከዚህ በላይ አማና ምን ይባላል?

ዶስት ሙሐመድ ተመልሶ መኒንዲ ገባ። እዚያም አንድ ወንድ ግመል ተነሳበትና ቀኝ እጁን ጎዳው። ለአፋርና ለሶማሌ ወንድሞቼ የተቆጣ ወንድ ግመል ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያሻኝም። እጁ ዳግም አላገለገለውም። ግመል መጫን ደግሞ ገመድ መሳብና ቋጠሮ ማጥበቅ ነው፤ በአንድ እጅ አይሆንም። አገሩ ሳይገባ በዚያችው የወንዝ ዳር ከተማ ኖሮ ሞተ። የበርክና የዊልስ አፅም ግን ከበረሃ ተለቅሞ በ1863 በሜልበርን በመንግሥት ሥርዓት ተቀበረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሐውልት ቆመላቸው።

አንዳንድ ወንድሞች “አውስትራሊያን ያቀኑት ሙስሊሞች ናቸው” እያሉ ሲለጥፉ አያለሁ። ተው እንጂ! ምድሪቱ ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ ባለቤት ነበራት። እውነቱ ራሱ በቂ ነው። ከ1866 ጀምሮ ከአፍጋኒስታን፣ ከባሉቺስታን፣ ከፑንጃብና ከሲንድ ከሁለት ሺህ በላይ ግመለኞች በየጊዜው ገብተዋል። ሱፍ ከእርሻ ወደ ወንዝ ወደብ፣ ዱቄትና ውኃ ወደ ማዕድን ሰፈር፣ የቴሌግራፍና የባቡር ሐዲድ ዕቃ ወደ በረሃ አጓጉዘዋል። አገሬው ሁሉንም በጅምላ “አፍጋን” ይላቸው ነበር፤ ዛሬ አህጉሩን የሚያቋርጠው “ዘ ጋን” የተባለው ባቡር ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። በ1901 ደግሞ ነጭ ያልሆነ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሚስት ከአገር ቤት ማስመጣት ስላልተቻለ ብዙዎቹ ከነባሩ ሕዝብ አገቡ፤ ልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ አሉ።

ከመኒንዲ ሽቅብ በዚሁ ወንዝ ዳር ቡርክ የምትባል ሌላ ከተማ አለች። መቃብር ስፍራዋ ውስጥ የግመለኞቹ ቀብሮች ይገኛሉ፤ አጠገባቸው በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ቆማለች። መስጂዳቸው ነበረች።

የዶስት ሙሐመድን ቀብር ግን መንገደኛ ካራቫኑን አቁሞ ያየዋል። እኛ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ዞረን የምንሰግድባት ቂብላ ከመኒንዲ በምዕራብ በኩል ናት፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። አላህ ይዘንለት።