የባቢሌ በርና የጦር መኪናዎች ምስክርነት

ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ የማርዳን በር ካለፈ በኋላ በባቢሌ ታላላቅ ድንጋዮች መካከል ይጓዛል። በ1933 ዓ.ም. ናይጄሪያውያንና ደቡብ አፍሪካውያን ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ከሞቃዲሾ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በ17 ቀን በካሚዮን ገሠገሠና መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ገባ። ማርዳንና ባቢሌንም በውጊያ አስለቅቆ መጋቢት 17 ቀን ሐረርን ያዘ።

በዚያው ወር በ6ኛው ቀን፣ የደቡብ አፍሪካው አብራሪ ሻምበል ፍሮስት በድሬዳዋ አጠገብ አይሮፕላኑ ተመታበትና በጠላት ሜዳ ወረደ። የመቶ አለቃ ከርሾ ይህን አይቶ በተኩስ መካከል አረፈ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው መቀመጫ ተደራርበው በረሩ።

ከዚህ አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረርን በቦምብ ያቃጠላት የኢጣልያ አይሮፕላን ነበረ። ያው አንዱ መሣሪያ በአንዱ እጅ ከተማ አጠፋ፤ በሌላው እጅ ነፍስ አዳነ።

ዛሬ በብዙ አገር የዚያን ዘመን ካሚዮንና አይሮፕላን አድሰው፣ የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሰዎች አቁመው ለሕዝብ ያሳያሉ። በኢትዮጵያም በ1928 ዓ.ም. ወራሪው የወሰዳት «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ከኢጣልያ ተመልሳለች። በባቢሌም እንዲህ ያለ ማሳያ ቢቆም የሚገባ ነው። ነገር ግን ብረቱ ተወልውሎ ብቻ ቢታይ ተመልካቹ ኃይልን አድንቆ ይመለሳል። ሾፌሩ በአቧራ የነዳው መንገድ፣ የከርሾ ድፍረትና ቤቱ የተቃጠለበት የሐረር ሰው ኀዘን አብረው ሲነገሩ ግን ብረቱ እውነተኛ ምስክር ይሆናል።